ከባሕር ዛፍ እስከ ኤሌክትሪክ ምጣድ

ከተማ በእንጀራ ይኖራል፤ እንጀራም በማገዶ ይጋገራል። ይህ ነገር እጅግ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ሳይጽፉት ያልፋሉ። የጦርነቱ ቀን፥ የውሉ አንቀጽ፥ የሹሙ ማዕርግ በጥንቃቄ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ያን ሁሉ ሠራዊትና ያን ሁሉ የቤተ መንግሥት ሰው ሲያበላ የኖረው ምድጃ ስንት ሸክም እንጨት እንደ ፈጀ የሚነግረን መጽሐፍ ግን ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ ታሪክ ጠለቅ ተብሎ ቢመረመር፥ ከተማዪቱ በቦታዋ ጸንታ እንድትኖር ከረዷት ነገሮች ዋነኛው አንድ ዛፍ እንደ ሆነ፥ ያንንም ዛፍ ያበዛው የግብር ሕግ እንደ ሆነ ይገኛል። ዛሬ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ስለ አረንጓዴ ቴክኖሎጂና ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ብዙ በሚነጋገሩበት ዘመን፥ እኛ በራሳችን ምድር ከመቶ ዓመት በላይ የኖርንበትን ይህን ነገር መልሶ ማየት ከጥቅም የራቀ አይመስለኝም።

በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ መናገሻ የድንኳን ከተማ ነበረ። ንጉሡ በአንድ ቦታ ሲሰፍር በዙሪያው ያለው እህልና እንጨት እየተመናመነ ይሄዳል፤ ባለቀም ጊዜ ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ሌላ ምድር ይኬዳል። ጎንደርን የመሰለ ጸንቶ የኖረ ከተማ መኖሩ እውነት ቢሆንም፥ የመንከራተቱ ልማድ እስከ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ፈጽሞ አልቀረም ነበር። ምኒልክ ራሳቸው ከአንኮበርና ከልቼ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጥተው ከተሙ። የእንጦጦ ጋራ ከፍተኛ፥ ለጥበቃም የሚመች ነው፤ ነገር ግን ብርዱ ጽኑ፥ ጥዱና ወይራውም ለዚያ ሁሉ ሰው የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደው አዲስ አበባ ብለው ስም አወጡለት፤ ከተማውም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ።

ጋራውን መልቀቅ ግን ከማገዶ ችግር አላዳነም። አዲስ አበባ ከዓድዋ ድል በኋላ ፈጥና ሰፋች፤ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው፥ ነጋዴው፥ የውጭ አገር መልክተኛው ሁሉ ቤት ሠራባት። ለቤቱ ግድግዳና ጣራ፥ ለምጣዱና ለጠላው የሚሆነው እንጨት ከመናገሻ ደንና ከሌላውም ሩቅ ቦታ እየተጫነ ይመጣ ጀመር። እንጨት ሲርቅ ዋጋው ይወደዳል፤ ዋጋው ሲወደድ ድኻው ይጨነቃል። ከዚህም የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ አዛውረው፥ ደን ባልራቀበት ስፍራ አዲስ ዓለም ብለው በሰየሙት ከተማ ላይ ለመቀመጥ አሳብ አደረጉ፤ የቤተ መንግሥቱም ሕንፃ ተጀመረ። እንደ አሳቡ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባ የምንላት ከተማ እንደ ልቼ ስሟ ብቻ በታሪክ የሚነሣ የቀድሞ ሰፈር በሆነች ነበር።

አሳቡ ቀረ። የቀረበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ የውጭ መንግሥታት መልክተኞችና ባለ ሀብቶች በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ስለ ነበረ መዛወሩን አልወደዱትም። በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከሁሉ ይልቅ ግን በዚያው ዘመን ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ማደግ ጀምሮ ነበር።

ባሕር ዛፍ፥ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፥ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ በማምጣቱ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ከመጡት ዓይነቶች መካከል በደጋው ነጭ ባሕር ዛፍ፥ ዝቅ ባለው አገር ደግሞ ቀይ ባሕር ዛፍ ተስማማው። ጥድ አንድ የሰው ዕድሜ በሚፈልግበት ምድር ላይ ይህ እንግዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት ማገር ይደርሳል። ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብትና ፍየል ቅጠሉን አይነካበትም፤ አጥር አይፈልግም፥ ጠባቂም አይሻም። እንግዲህ የዚያ ዘመን አረንጓዴ ቴክኖሎጂ ይህ ነበረ ለማለት ይቻላል፤ በብረትና በሽቦ ያልተሠራ ስለ ሆነ ብቻ ቴክኖሎጂ አይደለም ልንለው አይገባንም።

ዘሩ መምጣቱ ብቻውን ግን ደን አይሆንም። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በጥቂት ዋጋ ለሕዝቡ እንዲታደል አደረጉ፤ ቀጥሎም ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አዘዙ። የነገሩ ቁልፍ ይህ ሁለተኛው ነው። ባለ መሬቱ አስቦ ሲያየው፥ ገብስ ቢዘራበት ግብር ይከፍላል፥ በሬና ገበሬ ያስፈልገዋል፥ ዝናብም ይጠብቃል፤ ባሕር ዛፍ ቢተክልበት ግን ከግብር ይድናል፥ ከጥቂት ዓመት በኋላም ከደጁ የማይጠፋ ገዢ አለው። ስለ ሀገር ፍቅር ብሎ የተከለ ሰው የለም አልልም፤ ያን ሁሉ ጋራና ሸለቆ አረንጓዴ ያለበሰው ግን የባለ መሬቱ ሒሳብ ነው። የምኒልክ ጥበብም ሒሳቡን በስብከት ሊለውጡት አለመሞከራቸው፥ ራሱን ሒሳቡን መለወጣቸው ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው ከተማውን ሳይሆን ባሕር ዛፉን ነበር።

የዛፉ ጉዳትም ሳይዘገይ ታየ። ሥሩ ውሃ ይስባል፤ ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አያድግም፤ በተዳፋት ላይ በተተከለ ጊዜ ቅጠሉና ጭራሮው ለማገዶ ተጠራርጎ ስለሚወሰድ አፈሩ ዕራቁቱን ቀርቶ በጎርፍ ይታጠባል። ጉድጓዶችና ምንጮች ደረቁ የሚል ክስ ስለ ተነሣ፥ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከቆመው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ ለሐር ትል መኖ የሚሆን ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ በወረቀት ቀረ፤ የነቀለ እጅግ ጥቂት ነው። በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ይህን ሲያነብ የሚደነቅ አይመስለኝም። የቀድሞው ትእዛዝ ለተከለው ሰው ጥቅም ሰጥቶ ነበር፤ ይኸኛው ግን በእጁ ያለውን እንዲያጠፋ አዝዞ በምላሹ የሚሰጠውን ነገር አልያዘም። እንዲያ ያለው ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት የሚገባበት መንገድ አጭር ነው።

እዚህ ላይ በየንግግሩ የሚሰማ አንድ አባባል ሳልነካ ማለፍ አልወድም። ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበረ፥ ኋላ ግን ወደ 3 በመቶ ወረደ ይባላል። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ሊቅ ነገሩን ከሥሩ መርምሮ፥ የመጀመሪያው ቁጥር በመለካት የተገኘ እንዳልሆነ አሳይቷል። የደጋው አገር ብዙው ክፍል ከዚያ አስቀድሞም የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበረ። ይህ ማለት ደን አልጠፋም ማለት አይደለም፤ በብዙ አውራጃ መጥፋቱ በዓይን የሚታይ ነው። ነገር ግን አንድ ቀጥተኛ የውድቀት መንገድ ብቻ የነበረ አስመስሎ መናገር፥ በመካከሉ ሰው ተክሎ ያበዛበትን ዘመንና ምክንያቱን ይሸፍንብናል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በ1950ዎቹ ዓመታት የቆመው ዛፍ ምኒልክ እንጦጦን ለቀው ሲወርዱ ከነበረው እጅግ የበዛ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት ሆነ። ለጭሰኛው የነፃነት ቀን ነበረ፤ ይህን የሚክድ የለም። ለዛፉ ግን ሌላ ቀን ነበረ። በከተማዪቱ ዙሪያ የነበረው የባለ መሬቶቹ ባሕር ዛፍ ከባለቤቶቹ ወጣ፤ ማን እንደሚጠብቀው፥ ማንስ እንደሚቆርጠው በደንብ ሳይታወቅ ቆየ። ባለቤቱ ያልታወቀ ዛፍ መጥረቢያ አያጣም። ገበሬውም ቢሆን፥ መሬቱ ነገ ለሌላ ሊደለደል ይችላል ብሎ ሲጠራጠር፥ ዛሬ የሚታጨድ እህል ይዘራል እንጂ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚቆረጥ ዛፍ አይተክልም። መንግሥት በበኩሉ ከድርቁ ዘመናት በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን አሠራ፥ ብዙ የማኅበር ደን አስተከለ። ያም ሥራ ከንቱ አልነበረም፤ ሆኖም በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ በብዙ ቦታ የማኅበሩ ደን በጥቂት ወራት ውስጥ ተጨፈጨፈ። ተካዩ የራሱ ነው ብሎ አልቆጠረውም ነበርና።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፥ ቀጥሎም በሌሎቹ ክልሎች ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። ደብተሩ መሬቱን ለመሸጥ አያስችልም፤ ሆኖም ይህ ማሳ ነገም የእኔ ነው የሚል ልብ ሰጠ። በዚያው ጊዜ የከተማው ሕንፃ ሥራ አጣና አጥብቆ ይፈልግ ስለ ነበረ፥ በጎጃምና በጉራጌ አገር ባሕር ዛፍ ከጓሮ አልፎ ወደ እርሻው ገባ። በአዊ ደግሞ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘመድ ከጤፍ ጋር እያፈራረቁ ተክለው ከሰል እያከሰሉ ወደ አዲስ አበባ መላክ ጀመሩ፤ በኮመጠጠው አፈር ላይ እህል እምቢ ላለው ማሳ መድኃኒት ሆነለት። ማንም አላዘዛቸውም። የከሰሉ ዋጋ ነው ያዘዛቸው። በቅርቡ ግን የዝገት በሽታ ገብቶ ችግኙን አድርቆባቸዋል፤ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ የተደገፈ አገር ምን ጊዜም ይህ ሥጋት አለበት።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እንጨት ነው። ኤሌክትሪክስ? የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ከአዲስ አበባ በታች በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ነው። ከዚያ በኋላ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ የቆቃ ግድብ በአዋሽ ላይ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉም 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበረ። በዚያ ዘመን ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ትንሽ ሒሳብ እናድርግ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይወስዳል። እንግዲህ ቆቃ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ምጣድ ብቻ ቢያግል፥ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው ከ12 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ኃይሉ የሄደው ወደ ፋብሪካና ወደ መብራት ነው፤ ምድጃው በእንጨት ቀረ። የሚያሳዝነው ደግሞ ከተራቆተው ተራራ የሚታጠበው አፈር ዞሮ የቆቃን ሐይቅ በደለል መሙላቱ ነው። ምጣዱ ስር የነደደው እንጨት የኤሌክትሪኩን ውሃ ያጎድልበታል ማለት ነው።

ከቆቃ በኋላ ፊንጫ፥ መልካ ዋከና፥ ጣና በለስ እየተከተሉ መጡ። በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ በ2006 ዓ.ም. 120 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመረቀ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት ያለው ግልገል ጊቤ ሦስተኛው። በነዚያው ዓመታት ከእንጦጦ ጋራ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት እናቶች አልቀነሱም። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ነው፤ የደን ጠባቂውን እየሸሹ ሌሊት ይወጣሉ፥ ጎንበስ ብለው በአስፋልቱ ዳር ይወርዳሉ። ሽቦው በራሳቸው ላይ ያልፋል፥ እነርሱ ከሽቦው በታች ያልፋሉ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ከእነርሱ አንዳንዶቹ በዚያው ሥራ ተሰጥቷቸዋል፤ መልካም ነው። እንጨቱን የሚገዛው ቤት ግን ከጭራሮ ወደ ከሰል ቢዛወር እንጂ ከማገዶ አልወጣም።

ለምን አልወጣም? ሰው ኤሌክትሪክ ስለማይወድ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ለነዳጅ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ባነሣ ጊዜ የሆነውን ማየት ይበቃል። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ወጡን በነጭ ጋዝ ይሠራ ነበር፤ ዋጋው ሲንር ብዙው ቤት የጋዙን ምድጃ ከአልጋ ሥር አስቀምጦ ወደ ከሰል ተመለሰ። ድጎማውን ማንሣት ለግምጃ ቤቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ አልከራከርም። በገንዘብ ሚኒስቴር ሒሳብ ላይ የተሰረዘው ወጪ ግን አልጠፋም፤ ከስምጥ ሸለቆው ግራር ላይ ተከፈለ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ስለ ወጡ ጣዕም እውነት ነው፤ ስለ ማገዶው ግን ተረቱ ተሳስቷል። እንጀራ መጋገር በቤት ውስጥ ከሚፈጀው ማገዶ ከግማሽ የበለጠውን እንደሚወስድ ይገመታል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ደግሞ ብዙው ሙቀቱ ለነፋስ ነው የሚሆነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የአገራችን ባለሙያዎች ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ምርጥ የተባለ የእንጀራ ምድጃ አወጡ፤ በደንብ ከተያዘ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል። ላቀች የተባለውም የከሰል ምድጃ እንዲሁ ከሰል ይቆጥባል። እነዚህ ሪባን የሚቆረጥላቸው ሥራዎች አይደሉም፤ በየሰፈሩ አንድ ሸክላ ሠሪ፥ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ይሠራቸዋል። በእኔ ግምት ግን ከብዙ ግድቦች ይልቅ ለእንጨቱ የቀረቡ እነርሱ ናቸው።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ሌላ ዕድል አምጥቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሙሉ ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የቆቃውን ሒሳብ እንደገና ብናደርገው፥ በአንድ ጊዜ ወደ 1 ሚሊዮን 470 ሺህ ምጣድ ማለት ነው። ሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት ስለማይጋግር፥ በሳምንት ውስጥ የሚደርሰው ቤት ከዚህ ብዙ ዕጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ኃይል የለም የሚለው የቀድሞ መልስ አይሠራም። ጥያቄው ኃይሉ በየት በኩል፥ በምን ዋጋ ይሄዳል የሚለው ነው።

መንግሥት ዋጋንና ሕግን በመጠቀም ረገድ ሰንፏል ሊባል አይችልም። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ፥ ለኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡን ዝቅ አደረገ፤ በጥቂት ጊዜም ውስጥ ኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ተራ ነገር ሆነ። የምኒልክ የግብር ነፃነት ዘመድ ነው፤ ሒሳቡ ተለወጠ፥ ሰዉም ተከተለ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ለጎረቤት አገሮችና በኮምፒዩተር ቢትኮይን ለሚያወጡ የውጭ ኩባንያዎች ኃይል በውጭ ምንዛሪ ተሸጧል። ምንዛሪ ለሚያስፈልገው አገር ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መኪና ያለው ሰውና ዶላር ያለው ኩባንያ እያንዳንዳቸው የሚስማማቸው ደንብ ሲወጣላቸው፥ ለምጣዱ እስካሁን እንዲህ ያለ ደንብ አልወጣለትም።

እንዲያውም ነገሩ በተቃራኒው ሊሄድ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሽቦና ቆጣሪ ሁሉ ተወደደ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተደረገ። የኃይል ድርጅቱ በኪሣራ ሊኖር አይገባም፤ መስመር የሚዘረጋውም በገንዘብ ነው። ሆኖም ከሕዝባችን ግማሽ የሚያህለው ገና መስመር አልደረሰውም፤ የደረሰውም ቢሆን አብዛኛው ለመብራትና ለስልክ እንጂ ለምጣድ አይጠቀምበትም። በታሪፉ ውስጥ በዝቅተኛው እርከን ለሚጠቀም ቤት የሚደረግ ቅናሽ አለ፤ ዳሩ ግን ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚያግል ቤተ ሰብ ከዚያ እርከን ቶሎ ይወጣል። ቅናሹ ያለው አምፖል ለሚያበራው ነው፥ እንጀራ ለሚጋግረው አይደለም።

ታሪፉ በየሦስት ወሩ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ከኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ አጠገብ የአንድ ማዳበሪያ ከሰል ዋጋ ተጽፎ ቢቀርብ፥ ቢያንስ ሁለቱን ሒሳቦች አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ያያቸዋል። የቤቱ እመቤት ግን ይህን ወረቀት ሳትጠብቅ ሁለቱንም በየሳምንቱ ታስተያያለች። ቆጣሪው የበላውን ካርድ ታሰላለች፥ በሰፈሯ መደብ ላይ የከሰሉን ዋጋ ትጠይቃለች፥ መብራት በሳምንቱ ስንት ጊዜ እንደ ጠፋም ታስታውሳለች፤ ከዚያም ወይ ሶኬቱን ትሰካለች፥ ወይ ክብሪቱን ትጭራለች።